የሕመምተኛ አተኛኘትና አሸፋፈን

ሰውን ለማከም ዕውቀት፣ መድኃኒትና መሣሪያ እንደሚያስፈልግ ማንም ያውቃል። ነገር ግን በየምርመራው ክፍል ከነዚህ ሁሉ አስቀድመው የሚፈጸሙ ሁለት ተግባሮች አሉ፤ አንደኛው ሕመምተኛውን በአልጋ ላይ ማስተኛት፣ ሁለተኛውም ሰውነቱን መግለጥና መሸፈን ነው። እነዚህ ተግባሮች ቀላል መስለው ስለሚታዩ ብዙ ጊዜ እንደ ነገሩ ይሠራሉ። ሆኖም በመጥፎ አኳኋን የተኛ ሕመምተኛ ሲመጣ ያልነበረበትን ቁስል ወይም የእጅና የእግር መዛል ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ ያለ አግባብ የተገለጠም ሕመምተኛ ዳግመኛ ወደ ሕክምና ቤት ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን ለሕክምና ባለሙያዎችና በየቤታቸው ሕመምተኛ ለሚያስታምሙ ሁሉ ስለ ሁለቱ ተግባሮች ጥቂት ማስረዳት አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

ኀፍረት የበሽታ ተባባሪ ስለ መሆኑ

አበው «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ይህ ምሳሌ ዘወትር የሚጠቀሰው ሕመምተኛውን ለመውቀስ ነው። ነገር ግን ሰው በሽታውን የሚሸሽገው ስለ ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ ከወቀሳው ከፊሉ ወደ እኛ ወደ ባለሙያዎቹ ይመለሳል። የጡት እብጠት፣ ኪንታሮት፣ የማሕፀን በር ሕመም፣ ሽንት አለመቋጠር፣ እነዚህ ሁሉ የሚገኙት ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲሸፍነው በተማረው የአካል ክፍል ላይ ነው። የማሕፀን በር ካንሰር ገና ሳይጀምር ምልክቱ ከተገኘ ሊታከም ይቻላል፤ ነገር ግን ምልክቱን ለማየት ሴቲቱ በሕክምና አልጋ ላይ እግሯን ከፍታ መተኛት አለባት። በዚያች ሰዓት በሩ እየተከፈተ እየተዘጋ፣ የማታውቀው ሰው እየገባ እየወጣ፣ ቀሚሷ እስከ ደረቷ ተሰብስቦ ከቆየች የምርመራውን ውጤት ሳይሆን ገመናዋ የተገለጠበትን ሰዓት ታስባለች። ወደ መንደሯም ስትመለስ በቡና ላይ ለጎረቤቶቿ የምትነግራቸው ይህንኑ ነው። በዚህ አኳኋን የአንዲት ሴት ኀፍረት ዐሥር ሴቶችን ከምርመራ ሊያስቀር ይችላል።

የሕመምተኛን ኀፍረት ማክበር የሕክምናን ሥራ ያደናቅፋል ብለው የሚያስቡ አሉ። ታሪክ የሚመሰክረው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1816 በፓሪስ ከተማ ረኔ ላኤኔክ የተባለ ሐኪም የልብ ሕመም ምልክት የታየባትን አንዲት ወጣት ሴት ይመረምር ነበር። በዚያ ዘመን ሐኪሞች የልብን ምት የሚያዳምጡት ጆሯቸውን በሕመምተኛው ደረት ላይ አሳርፈው ነበር። ላኤኔክም የወጣቷ ዕድሜና ሴትነት ይህን ለማድረግ ስላልፈቀዱለት ወረቀት ጠቅልሎ አንዱን ጫፍ በደረቷ፣ ሌላውን በጆሮው ላይ አደረገ። የልቧም ምት በባዶ ጆሮ ከሚሰማው ይልቅ ጥርት ብሎ ተሰማው። ዛሬ በየሐኪሙ አንገት ላይ የምናየው የማዳመጫ መሣሪያ የተገኘው እንደዚህ ነው። እንግዲህ ሐኪሙ ለሕመምተኛዋ ኀፍረት መጠንቀቁ ለዕውቀቱ አዲስ በር ከፈተለት እንጂ አልዘጋበትም።

በአገራችንም የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. በተጀመረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ውስጥ ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከአራቱ የለውጥ አጀንዳዎች አንዱ አድርጎ ነበር። ይሁን እንጂ አክብሮት በዕቅድ ላይ ተጽፎ ብቻ አይቀርም፤ የሚታየውም የሚጎድለውም በአንሶላው አያያዝ ነው።

ስለ አሸፋፈን ሥርዓት

የመሸፈን ሕግ በአጭሩ ይህ ነው፤ የሚታከመው ክፍል ብቻ ይገለጣል፣ የሚገለጠውም ለሥራው በሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ከመግለጥ በፊት በቃል ነው። ነርሷ ወይም ሐኪሙ ራሱን ካስተዋወቀ በኋላ ምን እንደሚያደርግና ስለ ምን እንደሚያደርገው ይናገራል፤ ፈቃድም ይጠይቃል። ለምሳሌ ያህል «እናቴ፣ ሆድዎን ልመረምር ነው፤ ከደረትዎ በታች እስከ ዳሌዎ ድረስ ብቻ እገልጣለሁ፤ ይፈቅዱልኛል?» ቢባል ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይወስድም። ከዚህ በኋላ በሩ ይዘጋል፣ መጋረጃው ይጋረዳል፤ ሕመምተኛውም የሚችል ከሆነ ልብሱን ራሱ እንዲያወልቅ ብቻውን ይተዋል። የተቃራኒ ጾታ ባለሙያ ገመናን በሚመረምርበት ጊዜ ከሕመምተኛው ጾታ የሆነ ሌላ ባለሙያ በክፍሉ ውስጥ መገኘቱ ለታካሚውም ለአካሚውም ዋስትና ነው። ሕመምተኛው የሚያምነው ዘመድ አብሮት እንዲቆም ቢለምንም ያለ ምክንያት አይከልከል። ማተብ፣ ሻሽ ወይም ሂጃብ ሥራውን ካላደናቀፈ በስፍራው ይቆይ፤ ማንሣት ግድ ከሆነም ምክንያቱ ይነገረውና ባለቤቱ በገዛ እጁ ያንሣው።

ሆድ በሚመረመርበት ጊዜ አንዱ አንሶላ ከግርጌ ተነሥቶ እስከ ዳሌ ድረስ እግርን ይሸፍናል፤ የላይኛው ልብስ ደግሞ እስከ ጡት ሥር ብቻ ይሰበሰባል። ጀርባ ወይም ደረት በሚደመጥበት ጊዜ አንዱ ወገን ታይቶ ከተሸፈነ በኋላ ሌላው ይገለጣል። እግር ሲታጠብ ወይም ቁስል ሲጠረግ ሌላኛው እግር ተሸፍኖ ይቆያል።

ለሴት የማሕፀን ምርመራ የሚሆነው አሸፋፈን ጥቂት ልምምድ ይጠይቃል። አንሶላው በአራት ማዕዘኑ አግድም ሳይሆን አንደኛው ማዕዘን ወደ ደረቷ፣ ተቃራኒው ወደ እግሯ መካከል፣ ሁለቱ የጎን ማዕዘኖች ደግሞ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እግሯ እንዲወድቁ ሆኖ ይዘረጋል። ጉልበቷን አጥፋ እግሯን ስትከፍት የጎን ማዕዘኖቹ በየእግሯ ዙሪያ ይጠመጠማሉ። በመካከል የወደቀው ማዕዘን ብቻ መርማሪው በተዘጋጀ ጊዜ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ምርመራው ሲያበቃም ወዲያውኑ ይመለሳል። በዚህ አኳኋን ሴቲቱ ከጭኗ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ተሸፍና ትመረመራለች። የሕክምና ቤቱ አንሶላ ባይደርስ የራሷ ንጹሕ ነጠላ ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ ስለዚህ የዕቃ እጥረት ለማራቆት ምክንያት ሊሆን አይገባውም።

ምርመራው ካበቃ በኋላ ሕመምተኛው መጀመሪያ ይሸፈናል፤ መጥረጊያ ይሰጠዋል፤ ልብሱን ለብሶ ከተቀመጠ በኋላ ስለ ውጤቱ ይነገረዋል። እግሯን ከፍታ በጀርባዋ ለተኛች ሴት ስለ በሽታዋ መንገር ቃሉን እንዳልነገሩት ያህል ነው፤ በዚያ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው የሚሰማውን አያስተውልምና።

ይህ ጸሐፊ በውጭ አገር ትምህርቱን በሚከታተልበት ጊዜ ተማሪዎች በየተራ በሕክምናው አልጋ ላይ እየተኙ ጓደኞቻቸው እንዲሸፍኗቸውና እንዲያገላብጧቸው የሚደረግ ልምምድ ነበር። በጀርባው ተኝቶ ጣራ የሚመለከት ሰው ከበላዩ ቆመው በማያውቀው ቃል የሚነጋገሩትን መስማት ምን ያህል እንደሚከብደው፣ ቀዝቃዛ እጅም ሆዱን ሳይታሰብ ሲነካው እንዴት እንደሚያስደነግጠው ከመጽሐፍ ይልቅ በዚህ ይታወቃል። ይህ ልምምድ አንድ አልጋና አንድ አንሶላ ከመጠየቁ በቀር ሌላ ወጪ የለበትምና በማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊደረግ ይችላል።

ስለ መሸፈኛው ሙቀትና ንጽሕና

መሸፈን ገመናን ከመጠበቁ ሌላ ሙቀትንም ይጠብቃል። በተለይ ማደንዘዣ የተሰጠው ሰው ሰውነቱ ሙቀቱን በደንብ ሊጠብቅ አይችልም። የአንጀት ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው 200 ሕመምተኞች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት፣ በቀዶው ጊዜ ሙቀታቸው በማሞቂያ ከተጠበቀላቸው መካከል ቁስላቸው የመረቀዘው ከመቶ 6 ሲሆኑ፣ ሙቀታቸው ዝቅ ካለው መካከል ግን ከመቶ 19 ያህል ነበሩ። ስለዚህ በቀዶ ጥገና ክፍል ከሚቀደደው ስፍራ በቀር ሌላውን አካል ሸፍኖና አሙቆ መያዝ ቁስልን ከመጠበቅ ተለይቶ አይታይም።

ነገር ግን ያልጸዳ መሸፈኛ ራሱ የበሽታ መተላለፊያ ይሆናል። እከክና ቅማል ከአንዱ ወደ ሌላው በአንሶላና በልብስ ሊተላለፉ ይችላሉ። ስለዚህ የአንዱ ሕመምተኛ አንሶላ ለሌላው አይነጠፍም። የቆሸሸውም በክፍሉ ውስጥ አይራገፍም፣ በወለል ላይም አይጣልም፤ ከሰውነት አርቆ በመያዝ በመሰብሰቢያው ውስጥ ይጨመራል። ደም የነካው ለብቻው ይቀመጥና በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ በፀሐይ ይደርቃል። የአልጋው የላስቲክ ልባስ ደም ከነካው መጀመሪያ ደሙ ይጠረጋል፤ ቀጥሎም 0.5 ከመቶ ክሎሪን ባለው ውኃ ይወለወላል። ይህን ውኃ ለማዘጋጀት 5 ከመቶ ክሎሪን ያለውን በረኪና አንድ እጅ ከ9 እጅ ንጹሕ ውኃ ጋር መቀላቀል ይበቃል። ሕመምተኛውን ከመንካት በፊትና በኋላ እጅን መታጠብም አይዘንጋ።

ስለ አተኛኘት

አተኛኘት ራሱ ሕክምና ሊሆን እንደሚችል ብዙ ሰው አይገነዘበውም። ሳንባቸው በጽኑ ታሞ በመተንፈሻ መሣሪያ በሚረዱ 466 ሕመምተኞች ላይ በፈረንሳይና በእስፓኝ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት፣ በጀርባቸው ከተኙት መካከል በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት ከመቶ 33 ያህል ሲሆኑ፣ በየቀኑ ለረጅም ሰዓት በሆዳቸው እንዲተኙ ከተደረጉት መካከል ግን የሞቱት ከመቶ 16 ያህል ብቻ ነበሩ። አዲስ መድኃኒት አልተጨመረላቸውም፤ የተለወጠው አተኛኘታቸው ነው። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜም ይኸው ዘዴ በብዙ አገር ሥራ ላይ ዋለ። እንግዲህ ማስተኛት ይህን ያህል የሚጠቅም ከሆነ ያለ ዕውቀት ሲደረግ የመጉዳት ኃይሉም ቀላል አይደለም። ዋና ዋናዎቹ አተኛኘቶችና ጥንቃቄያቸው ቀጥሎ ተመልክተዋል።

1ኛ. በጀርባ መተኛት። ክብደቱ የሚያርፈው በራስ ቅል ጀርባ፣ በትከሻ አጥንት፣ በክርን፣ ከወገብ በታች ባለው አጥንትና በተረከዝ ላይ ነው። ከባት ሥር ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ቢደረግ ተረከዙ ከፍራሹ ተነሥቶ ያርፋል። በክርን ውስጠኛ ጎን ከቆዳ ሥር የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ ክርናችን በድንገት ሲመታ እስከ ትንሿ ጣታችን የሚነዝረን እርሱ ነው። በማደንዘዣ የተኛ ሰው ክርኑ በአልጋው ጠርዝ ላይ ለብዙ ሰዓት ቢጫን ሕመሙን ሊናገር ስለማይችል ነቅቶ እጁ ሊደነዝዝበት ይችላል። ክንዱም ከጎኑ ከ90 ዲግሪ በላይ ተዘርግቶ ሊቆይ አይገባውም፤ በብብት በኩል የሚያልፉት ነርቮች ይወጠራሉና። ከ5 ወር በላይ የሆናት ነፍሰ ጡር ደግሞ በጀርባዋ ስትተኛ ማሕፀኗ ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቅ የደም ሥር ስለሚጫን ሊያዞራትና ራሷን ልትስት ትችላለች፤ በግራ ጎኗ ትተኛ፣ ወይም ከቀኝ ዳሌዋ ሥር መደገፊያ ይደረግላት።

2ኛ. ከራስጌ ከፍ ብሎ መተኛት። ይህ ለሚያፍነው ሰውና በቱቦ ለሚመገብ ሕመምተኛ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ተደርጎ የሚሰጥ አተኛኘት ነው። በእንግሊዝኛው አጠራር በአሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም በጆርጅ ፋውለር ስም ይታወቃል። ጉዳቱ ሕመምተኛው ቀስ በቀስ ወደ ግርጌ መንሸራተቱ ነው፤ አጥንቱ ወደ ታች ሲሄድ ቆዳው በአንሶላው ተይዞ ስለሚቀር ሥጋው ከውስጥ ይቀደዳል። ስለዚህ ጉልበቱ ጥቂት ታጥፎ ከሥሩ ትራስ ይደረግ። ወደ ላይ ሲመለስም በብብቱ አይጎተት፤ ሁለት ሰዎች ከሥሩ ባለው አንሶላ አንሥተው ያስቀምጡት።

3ኛ. በጎን መተኛት። ራሱን ለሳተና ለሚያስመልሰው፣ ነገር ግን ለሚተነፍስ ሰው የሚስማማ ነው፤ ትውከቱ ወደ ሳንባው እንዳይወርድ ይከላከላልና። በሁለቱ ጉልበቶች መካከል ትራስ ይደረግ። ለረጅም ጊዜ የሚተኛ ሕመምተኛ ግን ሙሉ በሙሉ በዳሌው ላይ ከሚተኛ ከጀርባው በትራስ ተደግፎ 30 ዲግሪ ያህል ቢዘነብል ለዳሌው አጥንት ይሻላል።

4ኛ. በሆድ መተኛት። ደረትና ዳሌ ከሥር ተደግፈው ሆድ ለመተንፈስ ነፃ መሆን አለበት። ፊት ወደ ጎን ሲዞር ዓይን በምንም ነገር አይጫን፤ የዓይን መጫን ለዕውርነት ሊያደርስ ይችላልና።

5ኛ. እግርን አንሥቶ መተኛት። ይህ ለወሊድ፣ ለማሕፀንና ለሽንት ፊኛ ሕክምና የሚያገለግል ነው። ሁለቱ እግሮች በአንድ ጊዜ፣ በዝግታ ይነሣሉ፤ ሲወርዱም እንዲሁ። አንዱ ብቻውን ቢነሣ ወገብና ዳሌ ይጣመማሉ። ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ባለችው የአጥንት ጉብታ ዙሪያ የሚዞረው ነርቭ በእግር ማስቀመጫው ብረት ከተጫነ ሕመምተኛዋ ስትነሣ የእግሯን መዳፍ ወደ ላይ ማንሣት ሊያቅታት ስለሚችል በብረቱና በእግሯ መካከል ለስላሳ ጨርቅ ይግባ። የአልጋው ግርጌ ወደ ላይ ሲመለስም ጣቶቿ በመጋጠሚያው እንዳይጨፈለቁ ይታይ።

ስለ ወሊድ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በገጠር ያሉ አያሌ እናቶች ተንበርክከው ወይም ቁጢጥ ብለው መውለድን ለምደዋል። ወደ ጤና ጣቢያ ላለመሄድ ከሚያቀርቧቸው ምክንያቶች አንዱም በጀርባ ተኝቶ፣ እግር ተሰቅሎ፣ በብዙ ሰው ፊት መታየት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ምጥ የያዛት ሴት የምትወልድበትን አኳኋን ራሷ እንድትመርጥ መክሯል። ስለዚህ የሚያሰጋ ነገር ከሌለ አዋላጅዋ እናቲቱን «እንዴት ይመችሻል?» ብላ ብትጠይቃት ከዘመኑ ዕውቀት ጋር ትስማማለች እንጂ አትጣላም። ምጥ ጠንቶባቸው ያለ ሕክምና እርዳታ ለረጅም ሰዓት ከሚቆዩት እናቶች አንዳንዶቹ በፊስቱላ ሽንታቸውን መቋጠር ተስኗቸው ከሰው ተለይተው እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ በከፈቱት የፊስቱላ ሆስፒታል የዳኑት ሴቶች ወደ ቤታቸው ሲመለሱ አዲስ ቀሚስ ይሰጣቸው ነበር። ልብስ ለሕመምተኛ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ለመፈለግ አያስቸግርም አይባልም።

በቤት ውስጥ ለሚያስታምሙ

አባታቸው ወይም እናታቸው ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ በቤት የተኙባቸው ቤተ ሰቦች ብዙዎች ናቸው። እነዚህ ሕመምተኞች ብዙ ጊዜ የሚጎዱት በመጀመሪያው ሕመም ብቻ ሳይሆን በአልጋ ቁስልም ነው። ቁስሉ የሚመጣው በአጥንትና በፍራሽ መካከል የተጨመቀ ሥጋ ደም ሲያጣ ነው፤ ለመጀመርም ጥቂት ሰዓቶች ይበቁታል።

መከላከያው በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ ነው። ከራስጌ አንድ ወረቀት ተለጥፎ «በቀኝ፣ በጀርባ፣ በግራ» እየተባለ ከነሰዓቱ ቢጻፍ ተረኛው አይረሳም። ሲታጠቡና ሲገላበጡ ቆዳው ይመርመር። በመጻሕፍት የሚጠቀሰው የመጀመሪያ ምልክት የቆዳ መቅላት ነው፤ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል ስፍራውን በእጅ ዳስሶ ከአካባቢው ይልቅ መሞቁን፣ መጠንከሩን፣ መልኩም ይበልጥ መጥቆሩን ማስተዋል ያስፈልጋል። እንደዚህ ያለ ስፍራ ሲገኝ አይታሽ፤ ከሥር ያለው ሥጋ ይበልጥ ይጎዳልና። ክብደት እንዳያርፍበት ብቻ ይደረግና ለባለሙያ ይነገር። ክብ ሆኖ መሐሉ ክፍት የሆነ መቀመጫም በዙሪያው ደምን ስለሚያግድ አይጠቅምም። አንሶላው ሳይጨማደድ ይወጠር፣ ሽንት የነካው ወዲያው ይለወጥ፣ ሕመምተኛውም እንቁላል፣ ወተትና ጥራጥሬ አይጉደልበት።

በቤትም ቢሆን ገመናን መጠበቅ አይቀርም። ሽማግሌ አባት በምራታቸው መታጠብ ሊከብዳቸው ይችላል፤ ማን እንዲያጥባቸው እንደሚፈልጉ ይጠየቁ። ሲታጠቡ ጎረቤት ጠያቂ በደጅ ይቆይ፤ ጋቢያቸው በላያቸው እንዳለ አንዱ ክፍል ታጥቦ ደርቆ ሲሸፈን ሌላው ይገለጥ። መናገር ያቃታቸው ሕመምተኞች የሚሰሙና የሚያፍሩ መሆናቸው አይዘንጋ።

ማጠቃለያ

ከላይ የተገለጸው ሁሉ በሦስት ጥያቄዎች ሊጠቃለል ይችላል። ማንኛውም ባለሙያ ወይም አስታማሚ ሕመምተኛውን ባስተኛ ቁጥር፣ የትኛው አጥንት ብቻውን ክብደት ተሸክሟል? ሳያስፈልግ የተገለጠ የአካል ክፍል አለን? ሕመምተኛው የሚደረግለትን ያውቃልን? ብሎ ራሱን ይጠይቅ። የጤና ጣቢያ ኃላፊዎችም በየምርመራው ክፍል መጋረጃ መኖሩን፣ በሩ ከውስጥ መዘጋቱን፣ የንጹሕ አንሶላም ቁጥር ከሕመምተኛው ቁጥር ጋር መመጣጠኑን በዚህ ወር እንዲመለከቱ በአክብሮት እናሳስባለን። ሕመምተኞችም በበኩላቸው መጋረጃው እንዲጋረድላቸው ወይም የሚሸፍናቸው ልብስ እንዲሰጣቸው ለመጠየቅ አይፈሩ፤ ይህ መብታቸው ነው።